የጠብ ብረት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የመንገድ ሥራ ፕሮጀክት ላይ በቅየሳ ሥራ ተሰማርቼ ሳለ አንድ ቻይናዊ ባልደረባ ነበረኝ። የእሱ አማርኛ ከሰላምታ ብዙም አያልፍም፤ የእኔ ቻይንኛ ደግሞ ሰላምታም አይሞላም። የሚያግባባን ርቀትና ማዕዘን የምንለካበት ቶታል ስቴሽን የተባለው መሣሪያና የእጅ ምልክት ነበር። ውሉ አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ የብረት መጫወቻ ሰጠኝ፤ እጀታ ያለው ረጅም ሞላላ ዘንግ፣ ዘጠኝ ቀለበቶች የተሰኩበት፣ እያንዳንዱም ቀለበት በቀጭን ሽቦ ከታች ካለ ጠፍጣፋ ብረት ጋር የታሰረ። ጨዋታው ቀለበቶቹን በሙሉ ከዘንጉ ማውረድ ነው። ስሙን ደጋግሞ አስጠናኝ፤ ጂዩ ሊየን ኹዋን፣ «ዘጠኝ የተያያዙ ቀለበቶች»። ማን እንደሠራው በአስተርጓሚው በኩል ስጠይቀው ቅንጣት ሳያመነታ «ኮንግሚንግ» አለኝ።

በኋላ እንደተረዳሁት ኮንግሚንግ ማለት ዡጌ ልያንግ ነው፤ ከ181 እስከ 234 የኖረ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፣ ቻይና በሦስት መንግሥታት በተከፈለችበት ጊዜ በስልቱ የታወቀ ሹም። ወደ ጦር ሜዳ ሲዘምት ሚስቱ በናፍቆት እንዳትጎዳ ይህን መጫወቻ ሠርቶ ሰጣት፤ እሷም ስትፈታውና ስትገጥመው ሐዘኗን ረሳች ይባላል። ጥሩ ታሪክ ነው። ችግሩ የመጣው ስለዚሁ ብረት አውሮፓውያን የጻፉትን ማንበብ ስጀምር ነው። እነሱ ደግሞ «የካርዳኖ ቀለበቶች» ይሉታል፤ ጣሊያናዊው ሐኪምና የሒሳብ ሊቅ ጂሮላሞ ካርዳኖ በ1550 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ስለገለጸው ነው። አንድ ልጅ፣ ሁለት አባት፤ በመካከላቸውም ከ1300 ዓመት በላይ።

ነገሩን ሥራ ፈትነት ነው ብዬ ልተወው እችል ነበር። የባልደረባዬ እርግጠኝነት ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በሥራው ላይ አንዲት ሚሊ ሜትር ሳትመረመር የማያልፍ ሰው ነው። ስለ መጫወቻው ፈጣሪ ሲናገር ግን ልክ የገዛ አያቱን ስም እንደሚናገር ሰው ነበር።

ሰማንያ ስድስተኛው እርምጃ

ስለ ስሞቹ ከመሄዴ በፊት ብረቱ ሰውን ምን እንደሚያደርገው መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ ስሞቹ አይገቡም።

ሕጉ አጭር ነው። በዘንጉ ጫፍ ያለችው የመጀመሪያዋ ቀለበት በፈለጋችሁ ጊዜ ትወርዳለች፣ በፈለጋችሁ ጊዜም ትወጣለች። ሌላዋ ማንኛዋም ቀለበት ግን የምትንቀሳቀሰው ከፊቷ ያለችው ጎረቤቷ ዘንጉ ላይ ሆና፣ ከጎረቤቷ በፊት ያሉት ሁሉ ወርደው ሲገኙ ብቻ ነው። ስለዚህ ዘጠነኛዋን ለማውረድ ስምንተኛዋ ባለችበት መቆየት፣ ከአንድ እስከ ሰባት ያሉት ደግሞ መውረድ አለባቸው። ሰባቱን ማውረድ 85 እርምጃ ይፈጃል። በ86ኛው ዘጠነኛዋ ትወርዳለች፤ ሰውም እፎይ ይላል።

እፎይታው ብዙ አይቆይም። አሁን ዘንጉ ላይ የቀረችው ስምንተኛዋ ብቻ ናት። እሷን ለማውረድ ሰባተኛዋ ዘንጉ ላይ መኖር አለባት፤ ሰባተኛዋን ደግሞ ከብዙ ልፋት በኋላ አውርደናታል። እሷን መልሶ ለማውጣት ስድስተኛዋ መውጣት አለባት፤ ለስድስተኛዋ አምስተኛዋ፤ እንዲህ እያለ እስከ መጀመሪያዋ ይወርዳል። ከ86ኛው እርምጃ በኋላ የሚቀረው 255 እርምጃ ነው፤ ጠቅላላው 341። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን ያልቸኮለውም አፍሶ ይለቅማል።

የሚገርመው ብረቱ ሰውን የሚያሳስትባቸው ብዙ መንገዶች የሉትም። ዘጠኙ ቀለበቶች ሊኖሯቸው የሚችሉት አቀማመጦች ጠቅላላ 512 ብቻ ናቸው። በየትኛውም አቀማመጥ ላይ ቢሆኑ ከሁለት የበለጠ ምርጫ የለም፤ አንዱ ወደ ፊት ይወስዳል፣ ሌላው ወደ መጣችሁበት ይመልሳል። መገንጠያ የሌለው መንገድ ነው። ለቀያሽ ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም፤ ሆኖም በመንገዱ መካከል ያለ ሰው ፊቱን ወደየት እንዳዞረ ማወቅ ይሳነዋል፤ ቀለበት ሲያወጣ ወደ ፊት እየሄደ ይሁን ወደ ኋላ አይገባውም። ትንሽ ሐሳቡ ከተሰረቀ፣ ስልክ ካነሣ ወይም ቡና ከጠጣ ሳያውቀው ፊቱን አዙሮ ያቀናል።

የተናደደ ሰው ያወጣው ስም

ይህን ካየሁ በኋላ ነው የየአገሩ ስም ጣዕም የሰጠኝ። እንግሊዞች በድሮ ጊዜ «አድካሚ ብረቶች» ይሉት ነበር። ፈረንሳዮች ባግኖዲዬ ይሉታል፤ ቃሉ ጊዜን በከንቱ ማባከን ከሚል ግስ ጋር ይዛመዳል። ጀርመኖች ካሏቸው ስሞች አንዱ ጻንክአይዘን ነው፤ «የጠብ ብረት»። ፊንላንዳውያን «የእስረኛ ቁልፍ» ይሉታል። ስዊድናውያን «የሲንክሌር እግር ብረት» ብለው አንድ ሰው በሰንሰለት ያስራሉ። ኮሪያውያን ዘንድ ደግሞ ስሙ እንግዳን የሚያቆይ ማለት ነው፤ እንግዳው ልሂድ ሲል ይህን በእጁ ማስያዝ ነው፣ ከዚያማ የት ይሄዳል? ከሁሉም ትሑት ይህኛው ስም ነው፤ ክፋቱም የዚያኑ ያህል ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ አባቶቻችን። ለዚህ ብረት ስም ያወጣው ግን መልአክ ሳይሆን የተናደደ ሰው እንደሆነ አልጠራጠርም። እኔም ከሁለቱ ዓይነት ስሞች የማምነው የተናደደውን ነው። «የጠብ ብረት» ያለው ጀርመናዊ ማንም ይሁን ማን ብረቱን በእጁ ይዞ ታግሎታል፣ ከጎኑ ከተቀመጠው ሰው ጋርም ሳይጣላ አልቀረም። «የካርዳኖ» ወይም «የኮንግሚንግ» ያለው ግን ብረቱን ነክቶት ስለመሆኑ ስሙ ምንም አይነግረንም። ሊቅ ፈለገ፣ አገኘ፣ ለጠፈ።

ልጥፉም አይዝም። ሉካ ፓቾሊ የተባለው ፍራንቸስካዊ መነኩሴና የሒሳብ ሰው በ1500 አካባቢ ባዘጋጀው የእጅ ጽሑፍ ውስጥ ይህንኑ መጫወቻ ገልጾታል፤ ካርዳኖ የተወለደው በ1501 ነው። ካርዳኖ ራሱም ሠራሁት አላለም፣ እንዲህ ያለ ነገር አለ ብሎ ጻፈ እንጂ። ኮንግሚንግማ ያልተለጠፈበት ነገር የለም። ወደ ሰማይ የሚለቀቀው የወረቀት ፋኖስ የእሱ ነው። በእንፋሎት የሚበስለው ዳቦ የእሱ ነው ይባላል። ስድስት እንጨቶች ያለ ሙጫና ያለ ሚስማር የሚገጣጠሙበት እንቆቅልሽም «የኮንግሚንግ ቁልፍ» ይባላል፤ እዚያው ቻይና ውስጥ ሌሎች ደግሞ «የሉ ባን ቁልፍ» ብለው ከኮንግሚንግ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ ለኖረ ዝነኛ አናጢ ይሰጡታል። ጀርመኖች ይህንኑ እንጨት «የሰይጣን ቋጠሮ» ሲሉት እንግሊዞች በልብስ ላይ በሚጣበቀው ጭጎጎት ስም ሰይመውታል። ተሰብስቦ ሲያዩት እውነትም ጭጎጎት ይመስላል፤ ሰይጣኑ ያለው ሲፈታ ነው።

በእኛ በኩል እንቆቅልሽ የአፍ ነው። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ተብሎ ይጀመራል፤ መልሱ ሲጠፋም «አገር ስጠኝ» ይመጣል፤ ጎንደርን ወይም ሐረርን ሰጥቶ መገላገል ነው። በልጅነቴ በአንድ ምሽት ብዙ ከተማ አስረክቤያለሁ። ብረቱ አገር አይቀበልም፤ ከእሱ ጋር እርቅ የለም።

አንድ ምሽት በወረቀት ላይ

ፊቴን ወዴት እንዳዞርኩ እየጠፋብኝ ስለተቸገርኩ አንድ ምሽት ወረቀት አወጣሁ። ዘንጉ ላይ ላለች ቀለበት 1፣ ለወረደች 0 እየጻፍኩ፣ ለእያንዳንዱ እርምጃ አንድ መስመር። ሐሳቤ ቢሰረቅም መስመሩን አይቼ ለመመለስ ነው፤ ሌላ ዓላማ አልነበረኝም። መጀመሪያ ዘጠኝ አንዶች፤ ከዚያ አንዷ ቦታ ተለወጠች፤ ከዚያ ሌላዋ። ገጹ እየሞላ ሲሄድ ዓይኔ ቁጥሮቹ ላይ ቆመ። እያንዳንዱ መስመር ከላዩ ካለው የሚለየው በአንዲት አኃዝ ብቻ ነው። እንዲህ መሆኑ አይገርምም፤ በአንድ ጊዜ አንዲት ቀለበት ናታ የምትንቀሳቀሰው። የገረመኝ ሌላ ነበር፤ ይህን የቁጥር አደራደር አውቀዋለሁ። ያውም ከሥራዬ።

ማዕዘን የሚለኩ መሣሪያዎች ውስጥ ኢንኮደር የሚባል ክፍል አለ። በአንድ ዓይነቱ ላይ የሚሽከረከረው ዲስክ በጥቁርና በነጭ ሰረዞች ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ቦታ በ0 እና በ1 ይጻፋል። በተለመደው የሁለትዮሽ አቆጣጠር ከተጻፈ ችግር አለ። ከሦስት ወደ አራት ሲታለፍ 011 ወደ 100 ይለወጣል፤ ሦስቱም አኃዞች በአንድ ጊዜ መገልበጥ አለባቸው። አንባቢው ዓይን ለውጡ መሀል ላይ ሲደርስ አንዷ ተገልብጣ ሌሎቹ ሳይገለበጡ ቢያገኝ ፈጽሞ የማይዛመድ ቁጥር ያነባል። ስለዚህ ዲስኩ በየእርምጃው አንዲት አኃዝ ብቻ በሚለወጥበት ቅደም ተከተል ይጻፋል። ግሬይ ኮድ ይባላል። ስሙን በሥልጠና ላይ ስሰማ የቀለም ስም መስሎኝ ነበር፤ ጥቁርና ነጭ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ግራጫ።

ወረቀቱን ይዤ ቁጭ አልኩ። እጄ ላይ ያለው መጫወቻ ስሠራበት ከምውለው መሣሪያ ጋር አንድ ዓይነት ቁጥር ይቆጥራል። ባልደረባዬ ይህን ያውቅ ነበር? በቶታል ስቴሽኑ አጠገብ አብረን ቆመን ስንት ማዕዘን ለካን! አንድም ቀን አላነሣውም። ቢያነሣውም በየትኛው ቋንቋ ይነግረኝ ነበር? አሁንም አንዳንድ ጊዜ ያውቅ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ደግሞ አያውቅም ነበር፣ መጫወቻ ስለሆነ ብቻ ነው የሰጠኝ እላለሁ። ሁለተኛው የበለጠ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ግሬይ ማን እንደሆነ ፈለግሁ። ቀለም አይደለም፤ ፍራንክ ግሬይ የተባለ የቤል ላቦራቶሪዎች ተመራማሪ ነው። በ1947 የፈጠራ መብት አመለከተ፣ በ1953 ተፈቀደለት። እሱ ራሱ ኮዱን «የተንጸባረቀ ሁለትዮሽ» ነበር ያለው፤ የእሱን ስም የሰጡት ሌሎች ናቸው። ነገር ግን ኤሚል ቦዶ የተባለው ፈረንሳዊ የቴሌግራፍ መሐንዲስ ከእሱ በፊት በ1870ዎቹ እንዲህ ባለ ኮድ ይጠቀም ነበር። ከቦዶም ቀደም ብሎ፣ በ1872፣ በሊዮን ከተማ አንዲት ትንሽ ጽሑፍ ታትማለች፤ ስለ ዘጠኙ ቀለበቶች ንድፈ ሐሳብ። እኔ በወረቀት ላይ ያደረግሁትን ጸሐፊው ከመቶ ዓመታት በፊት በሥርዓት አድርጎታል፤ ለእያንዳንዱ የቀለበቶች አቀማመጥ የሁለትዮሽ ቁጥር ሰጠ። በዚህም መሠረት ብረቱን ከየትኛውም ውጥንቅጥ መሀል ቢያነሡት ስንት እርምጃ እንደቀረ በስሌት ማወቅ ይቻላል። ፊት ወዴት እንደዞረ የማወቅ ችግር እዚያ ላይ አበቃ።

ጸሐፊው ሉዊ ግሮ ነው። በጽሑፏ ላይ ግን ስሙ የለም፤ «በአንድ የሊዮን የውልና ማስረጃ ጸሐፊ» ይላል። በርዕሱ ላይ የመጫወቻውን ስም እንኳ የተለመደውን አጻጻፍ ትቶ አንዱን አናባቢ ለውጦ ነው የጻፈው። ይህን ሰው በጣም ወደድኩት። ስለ መጫወቻው ስም ፊደል ይጨነቃል፣ ስለ ራሱ ስም ደንታ የለውም። የግሮን ሥራ ለሰፊው አንባቢ ያስተዋወቀው ኤድዋር ሉካስ ደግሞ በተራው በ1883 የሃኖይ ማማ የተባለውን የዲስኮች እንቆቅልሽ ሲያወጣ ክላውስ የሚባል የሲያም (የዛሬዋ ታይላንድ) ሰው ነኝ ብሎ ነው። ክላውስ የሉካስ ፊደላት ተገለባብጠው ነው። የዚያ ዘመን ፈረንሳዮች በዚህ ጨዋታ ምን እንደሚያስደስታቸው ባላውቅም ቀናሁባቸው።

ስሙን የወሰደው ሰው

ሁሉም እንደ ግሮ አይደለም። በአራት በአራት በተደረደረ ሣጥን ውስጥ ከ1 እስከ 15 የተጻፈባቸው ካሬዎች የሚንሸራተቱበትን ጨዋታ ታውቁታላችሁ። ፈረንሳዮች ታኬን ይሉታል፤ ነገረኛ፣ ነካሽ እንደማለት ነው። በ1880 አሜሪካንና አውሮፓን ያሳበደው ይህ ጨዋታ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሳም ሎይድ ፈጠራ ሆኖ ተቆጥሯል፤ እንዲህ ያለውም ሎይድ ራሱ ነው፤ ከ1891 ጀምሮ በ1911 እስኪሞት ድረስ።

እውነቱ ሌላ ነው። ጨዋታውን ያመነጨው ኖይስ ቻፕማን የተባለ በኒው ዮርክ ግዛት የካናስቶታ ከተማ የፖስታ ቤት ኃላፊ ነው። ከእሱ በዘመድና በወዳጅ በኩል እየተላለፈ ሃርትፎርድ ሲደርስ እዚያ ያለው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ተማሪዎች እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ። ቀጥሎ ቦስተን ገባ፤ ማትያስ ራይስ የተባለ ነጋዴ በ1879 መጨረሻ ለገበያ አቀረበው። ቻፕማን በ1880 የፈጠራ መብት ቢጠይቅም አልተፈቀደለትም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው የአበው ቃል ለቻፕማን አልሠራም፤ ለሎይድ ግን ያለ አግባብ ሠራ።

ሎይድ ለራሱ ያበጀው ወጥመድ ደግሞ የባሰ ነው። 14 እና 15 ብቻ ቦታ ተለዋውጠው የተቀመጡበትን አቀማመጥ ለሚያስተካክል 1000 ዶላር ሽልማት አለ አለ። እሱ ይህን ከማለቱ ብዙ ቀደም ብሎ ጆንሰንና ስቶሪ የተባሉ ሁለት የሒሳብ ሰዎች በ1879 በአንድ የሒሳብ መጽሔት ላይ ነገሩ ፈጽሞ እንደማይቻል አረጋግጠው ነበር። ገንዘቡን ማንም እንደማይወስደው ያውቅ ነበር ማለት ነው። አጭበርባሪ ነበር ብል ሐሜት አይሆንብኝም፤ ያውም ጎበዝ አጭበርባሪ። ተንግራም የሚባለውን የሰባት ቁርጥራጭ እንቆቅልሽ 4000 ዓመት ዕድሜ ያለው ነው ብሎ የጻፈውም እሱ ነው፤ ስለዚህ ጨዋታ ከታወቁት የቻይና መጻሕፍት የመጀመሪያው ግን የ1813 ነው። ቻይናውያን ራሳቸው በትሕትና «ሰባቱ የብልኃት ሰሌዳዎች» ይሉታል፤ ዕድሜም ባለቤትም አልጨመሩበትም።

ሃንጋሪ የሚባለው ሰው

ስሙና ሠሪው ከተገናኙባቸው ጥቂቶች አንዱ ኤርኖ ሩቢክ ነው። በ1974 ቡዳፔስት ውስጥ የንድፍ መምህር ሳለ ስድስት ፊቶቹ በየቀለማቸው እስኪገጥሙ የሚሽከረከረውን ኪዩብ ሠራ፤ ራሱ የሠራውን ራሱ ለመፍታት ከአንድ ወር በላይ ፈጀበት። ስሙን ግን አልሰጠውም። ሃንጋሪ ውስጥ በ1977 ገበያ ላይ ሲወጣ ቡቮሽ ኮትስካ ተባለ፤ «አስማተኛው ኪዩብ»። በ1980 ወደ ዓለም ገበያ ያወጣው የአሜሪካ ኩባንያ በንግድ ምልክትነት የሚመዘገብ ስም ስለፈለገ «የጎርዲየም ቋጠሮ» እና «የኢንካ ወርቅ» የሚሉትን ጨምሮ ሲያማርጥ ቆይቶ የሰውየውን ስም መረጠ። ክብር ለመስጠት ሳይሆን ለንግድ ጥበቃ ነው። እንዲያም ሆኖ ለአንድ ጊዜ ትክክለኛው ስም ትክክለኛው ቦታ ላይ አረፈ።

በነገራችን ላይ ኪዩቡ ከ43 ኩዊንቲሊየን (43 ተጽፎ 18 ዜሮ ሲከተለው) የሚበልጡ አቀማመጦች አሉት፤ ያም ሆኖ በ2010 እንደተረጋገጠው የትኛውም አቀማመጥ ከ20 ባልበለጠ እርምጃ ይፈታል። ዘጠኙ ቀለበቶች 512 አቀማመጥ ይዘው 341 ይጠይቃሉ። ብዙ መንገድ ያለው ፈጥኖ ያደርሳል፤ አንድ መንገድ ብቻ ያለው እያንዳንዷን እርምጃ ያስከፍላል። ኪዩቡን የሚወዱ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው ብረቱን ይንቁታል። እኔ ደግሞ ለዚህ ነው የወደድኩት።

እስራኤል አገር የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለች። ባለፈው በስልክ ስናወራ ልጇ ከጎኗ ሆኖ ኪዩብ ሲያሽከረክር አየሁና «ሩቢክ ትጫወታለህ?» አልኩት። አልገባውም። እናቱ አስረዳችኝ፤ በዕብራይስጥ ኩቢያ ሁንጋሪት ነው የሚባለው፣ የሃንጋሪ ኪዩብ። ጀርመኖችም እስከ ዛሬ «አስማተኛ ኪዩብ» ይሉታል፤ ብራዚላውያንም እንዲሁ። ኩባንያው በገንዘብ የለጠፈውን ስም ሕዝቡ በየአገሩ ልጦ ጥሎታል።

ልጁ ግን ሌላ ነገር ገብቶት ኖሯል። ሃንጋሪ ሰውየው መስሎታል። «አሁንም በሕይወት አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሰውየው በሕይወት አለ፣ ስሙ ግን ሩቢክ ነው፣ ሃንጋሪ አገሩ ናት አልኩት። ለአፍታ አሰበና «እኛ ጋ ግን ሃንጋሪ ነው የሚባለው» ብሎ ወደ ኪዩቡ ተመለሰ።